«አጋሬ ምን ማለቷ ነበር?» ከብሪጅ ጨዋታ የተገኘ የፕራግማቲክስ ትምህርት

መግቢያ

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን የፕራግማቲክስ ኮርስ የወሰደ ተማሪ የፖል ግራይስን ስም ሳይሰማ አያልፍም። ግራይስ በ1967 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበውና በ1975 በታተመው ትምህርቱ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ እንደሚተባበሩ፣ ሰሚውም ይህን ትብብር መነሻ አድርጎ በግልጽ ያልተነገረውን እንደሚረዳ አስተምሯል። አራቱን መርሆች፣ ማለትም የመጠን፣ የእውነት፣ የአግባብነትና የአቀራረብ መርሆችን፣ እኔም ለፈተና ሸምድጄ ጽፌያቸዋለሁ። ውጤቱም አልከፋም ነበር። እንዳልገቡኝ ያወቅሁት ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስኮ እኛ ቤት ካርታ ስንጫወት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚያን ቀን የተፈጠረውን አለመግባባት ምሳሌ አድርጌ፣ ግራ የሚያጋባ ንግግር ሲገጥመን ትርጉሙን እንዴት መፈለግ እንዳለብን ለማሳየት እሞክራለሁ። ጨዋታው ብሪጅ ይባላል። ጨዋታውን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር በቅድሚያ ጥቂት ማብራሪያ እሰጣለሁ።

የጨዋታው አጭር ማብራሪያ

ብሪጅን የሚጫወቱት አራት ሰዎች ሁለት ለሁለት ተጣምረው ነው። አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታ ሲታደል ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ትልቁን የጣለው ዙሩን ይበላል። ስለዚህ በጠቅላላው 13 ዙር አለ ማለት ነው። ዛሬ የምናውቀው ብሪጅ መልኩን የያዘው አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት በ1925 እ.ኤ.አ. የነጥብ አቆጣጠሩን ካሻሻለው በኋላ ነው።

ካርታ መጣል ከመጀመሩ በፊት ግን «ጥሪ» አለ። እያንዳንዱ በተራው ቁጥርና የካርታ ዓይነት ይጠራል። ቁጥሩ ከ6 በላይ ስንት ዙር እንደሚበላ የሚገባው ቃል ነው፤ ዓይነቱ ደግሞ ገዢው የትኛው እንዲሆን እንደሚፈልግ ይናገራል። ገዢ የተባለው ዓይነት ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል። ዓይነቶቹ ከታች ወደ ላይ ክለብ፣ ዳይመንድ፣ ኸርት፣ ስፔድ፣ በመጨረሻም «ያለ ገዢ» ናቸው። ለምሳሌ «4 ክለብ» ያለ ሰው «ክለብ ገዢ ይሁንና 10 ዙር እንበላለን» ብሎ ውል ገባ ማለት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ጥሪ ከበፊቱ መብለጥ አለበት። የማይፈልግ «ፓስ» ይላል። ሦስት ሰው በተከታታይ ፓስ ካለ የመጨረሻው ጥሪ ውል ሆኖ ይጸናል።

እዚህ ላይ ለቋንቋ ተማሪ የሚገርም ነገር አለ። ከ1 ክለብ እስከ 7 ያለ ገዢ ያሉት ጥሪዎች 35 ናቸው፤ ፓስን፣ ደብልንና ሪደብልን ስንጨምር 38 ይሆናሉ። አንድ ሰው እጅ ላይ ሊገባ የሚችለው የ13 ካርታ ስብስብ ግን ከ635 ቢሊዮን በላይ ነው። 38 ቃላት ብቻ ባሉት ቋንቋ ይህን ሁሉ መናገር አይቻልም። ስለዚህ አንዱ ጥሪ በአንድ ቦታ አንድ ነገር፣ በሌላ ቦታ ሌላ ነገር ማለት ይሆናል። ትርጉሙ የሚገኘው ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከዐውዱ ነው።

ከምናውቃቸው ጨዋታዎች ጋር ብናነጻጽረው ዳማና ገበጣ ላይ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል። ሰፈር ውስጥ በምንጫወተው ኮንካን ደግሞ ካርታው ይደበቃል እንጂ እያንዳንዱ ለራሱ ነው። ብሪጅ ላይ ግን ካርታህን ማየት የማይችል ወዳጅ አለህ። ያለህን ልትነግረው የምትችለው በእነዚያ 38 ቃላት ብቻ ነው።

የተፈጠረው ችግር

የዚያን ቀን አራታችንም የክፍል ልጆች ነበርን። አጋሬ ጨዋታውን ከኔ በፊት ከመጽሐፍ ያጠናች ልጅ ናት። የኔ እጅ ይህን ይመስል ነበር፦

ስፔድ፦ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 8፣ 6፣ 3
ኸርት፦ 7፣ 4
ዳይመንድ፦ ኤስ፣ ንግሥት፣ 6
ክለብ፦ 9፣ 6፣ 4

በተለመደው አቆጣጠር ኤስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ነጥብ ነው። የአራቱ ዓይነት ድምር 40 ሲሆን እኔ 11 ነበረኝ። አጋሬ «1 ኸርት» ብላ ከፈተች። እኔ «1 ስፔድ» አልኩ። ተቃራኒዎቻችን ፓስ ይላሉ። ተራዋ ሲደርስ ትንሽ ቆየችና ዝግ ባለ ድምፅ «4 ክለብ» አለች።

እኔ ደነገጥኩ። ክለብ ከየት መጣ? «ክለብ በብዛት ይዛለች ማለት ነው፤ ድምፅዋ ደግሞ እርግጠኛ አትመስልም፤ ከዚህ በላይ ባልገፋ ይሻላል» ብዬ አሰብኩና ፓስ አልኩ። ካርታዋ ሲገለጥ የነበራት ይህ ነው፦

ስፔድ፦ ኤስ፣ ጃክ፣ 7፣ 4
ኸርት፦ ኤስ፣ ንጉሥ፣ ጃክ፣ 8፣ 6
ዳይመንድ፦ ንጉሥ፣ 7፣ 2
ክለብ፦ 5

አንድ ክለብ! የኔ 3፣ የሷ 1፣ በድምሩ 4 ገዢ ይዘን ተቃራኒዎቻችን 9 ይዘዋል። 10 ዙር ቃል ገብተን የበላነው 8 ብቻ ነው። እኔም ሰው ፊት «ምን ነካሽ? በአንድ ክለብ 4 ክለብ ይጠራል?» ብዬ ጮህኩ። እሷ ግን «አላዳመጥከኝም» ብቻ አለችና ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። እስከ ታክሲው ልሸኛት ብልም አልፈለገችም። በር ላይ ቆሜ «አስኮ ድረስ ያመጣኋት ላዋርዳት ነው እንዴ?» እያልኩ ቀረሁ።

ትንተና፦ ርካሹ ቃል እያለ ውዱ ለምን ተመረጠ?

ማታ ላይ ካርታውን እንደገና ዘርግቼ ሳየው ጥያቄውን የተሳሳትኩት ከመነሻው መሆኑን ተረዳሁ። እኔ የጠየቅሁት «4 ክለብ ማለት ምንድን ነው?» ብዬ ነው። መጠየቅ የነበረብኝ «ክለብ አለኝ ለማለት ብትፈልግ ምን ትል ነበር?» ብዬ ነው።

መልሱ ቀላል ነው። የተለመደ ክለብ ቢኖራት «2 ክለብ» ማለት ይበቃት ነበር። ክለብም ጉልበትም ቢኖራት «3 ክለብ» ነበረላት። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ ለቀጣይ ንግግርም ቦታ ይተዋሉ። እነዚህን ሁለቱንም ዘልላ 4 ላይ የወጣችው ክለብ አለኝ ለማለት ሊሆን አይችልም። ሌላ ነገር መሆን አለበት። ለኔ ስፔድ ትልቅ ድጋፍ ባይኖራት ደግሞ ንግግሩን እንዲህ ከፍ አታደርገውም። ስለዚህ ጥሪው «ስፔድህን በአራት ካርታ እደግፋለሁ፤ ጉልበት አለኝ፤ ክለብ ግን ወይ አንድ ብቻ ወይ ምንም የለኝም» ማለት ነው። ይህ ጥሪ በብሪጅ ተጫዋቾች ዘንድ «ስፕሊንተር» ይባላል።

መልእክቱ ደግሞ ለኔ ወርቅ ነበር። ተቃራኒዎቻችን ከያዙት 13 ነጥብ 10ሩ ክለብ ላይ ነው። ይሁንና እሷ አንድ ክለብ ብቻ ስላላት ስፔድ ገዢ ሲሆን በዚያ ሁሉ የሚበሉት አንድ ዙር ነው። ቀሪዎቹን ሁለት ክለቦቼን በሷ ስፔድ እገድላቸዋለሁ። ቆጠራው 5 ስፔድ፣ 3 ዳይመንድ፣ 2 ኸርት፣ በሷ እጅ የሚገደሉ 2 ክለብ፣ በድምሩ 12 ዙር ነው። «6 ስፔድ» ብንጠራ 980 ነጥብ እናገኝ ነበር፤ ያገኘነው የ100 ነጥብ ቅጣት ነው።

ይህ ዓይነቱ አካሄድ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። እናቴ «ውሃ መጥቷል» ስትለኝ ዜና እየነገረችኝ አይደለም፤ ጀሪካኑን አንሣ ማለቷ ነው። ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን የአክብሮት ተውላጠ ስማችን ነው። ታላቅ እህቴ ሁልጊዜ «አንተ» ትለኛለች። አንድ ቀን «እርስዎ ደግሞ ምን ይቅረብልዎ?» ካለችኝ አከበረችኝ ብዬ ደስ ሊለኝ አይገባም። የተለመደው ቃል እያለ ከፍ ያለውን የመረጠችው ሌላ መልእክት ስላላት ነው፤ ተቆጥታለች። በብሪጅ ቋንቋ እህቴ ስፕሊንተር ጠራች ማለት ነው። ቤት ውስጥ በቅጽበት የሚገባኝ ነገር ካርታ ጠረጴዛ ላይ አልገባኝም።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሰኞ ዕለት ላይብረሪ በር ላይ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅኋት። እሷም በበኩሏ «እኔም ሳንነጋገርበት መጥራት አልነበረብኝም» አለችኝ። ይህ ንግግሯ ወደ ሌላ ጉዳይ ወሰደኝ።

ፈላስፋው ዴቪድ ልዊስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ልማዳዊ ስምምነት በሚያትት መጽሐፉ፣ አንድ ምልክት የሚሠራው እኔ ስለማውቀው ብቻ ሳይሆን፣ አንተም እንደምታውቀው ስለማውቅና አንተም ይህን ስለምታውቅ መሆኑን ያስረዳል። እሷ ስፕሊንተርን ታውቃለች፤ እኔ ግን አላውቅም ነበር። በምክንያት ልደርስበት እችል እንደነበር ከላይ አሳይቻለሁ፤ ነገር ግን «ይደርስበታል» ብሎ መተማመንና «ተስማምተናል» ማለት አንድ አይደሉም። በሌላ አነጋገር ግራይስ ተደራጊውን ሰሚ ይመክራል፤ ልዊስ ደግሞ ተናጋሪውን ያስጠነቅቃል።

መተርጎም የሌለበት ነገር

አንድ ያልተናገርኩት ጥፋት ቀርቷል። ፓስ ያልኩት በቃሏ ብቻ ሳይሆን በድምፅዋም ተመርቼ ነው። ይህ በብሪጅ ሕግ ክልክል ነው። ሕጉ አጋሮች መልእክት የሚለዋወጡት በጥሪና በሚጣለው ካርታ ብቻ እንዲሆን ያዛል። መዘግየት፣ የድምፅ ቃና፣ የፊት ገጽታ መረጃ ቢሰጡም እንኳ አጋር ሊጠቀምባቸው አይገባም።

ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ1965 እ.ኤ.አ. ቦነስ አይረስ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ታይቷል። እንግሊዛውያኑ ቴረንስ ሪስና ቦሪስ ሻፒሮ ካርታ ሲይዙ በጣቶቻቸው አቀማመጥ ምልክት ይሰጣጣሉ ተብለው ተከሰሱ። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ጥፋተኛ ሲላቸው፣ እንግሊዝ አገር የተደረገው ምርመራ ግን በ1966 ነጻ አላቸው። ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። ከ1975 ጀምሮ በትልልቅ ውድድሮች አጋሮች እንዳይተያዩ በጠረጴዛው መሃል መጋረጃ መሰል መከለያ ይቆማል።

የሚገርመው ቦነስ አይረስ ላይ ጥርጣሬውን ካነሡት ተጫዋቾች አንዷ ዶሮቲ ሄይደን ነበረች። ስፕሊንተርን ከፈለሰፉት ሰዎች መካከል ስሟ የሚነሣውም ይህችው ሴት፣ በኋላ ዶሮቲ ትራስኮት የተባለችው፣ ናት። ልዩነቱን ልብ በሉ። ስፕሊንተር ለማያውቀው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ሆኖም ተቃራኒው ትርጉሙን ከጠየቀ ሊነገረው የሚገባ ግልጽ ስምምነት ነው። የጣት ምልክት ግን ከተገለጠ የሚሞት ነገር ነው። ግራ የሚያጋባ መሆንና የተደበቀ መሆን የተለያዩ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ለራሴ ያወጣሁትን አካሄድ እንደሚከተለው ላስቀምጥ።

1ኛ. የአጋር ንግግር ግራ ሲያጋባ በመጀመሪያ ትርጉም አለው ብሎ መነሣት።
2ኛ. ያልተመረጡትን ቃላት መቁጠር። «ይህን ለማለት ቀላሉ መንገድ ምን ነበር? ለምን ተወችው?» ብሎ መጠየቅ።
3ኛ. ቀደም ሲል የተባለውን ማስታወስ። ስፔድን ተስማምተን ከጨረስን በኋላ «3 ክለብ» ካለችኝ አዲስ ገዢ እየፈለገች አይደለም፤ «ክለብ ላይ ታግዘኛለህ ወይ?» ማለቷ ሊሆን ይችላል።
4ኛ. ከቃሉ ውጪ ያለውን ድምፅና ፊት ለትርጉም አለመጠቀም።
5ኛ. ይህ ሁሉ ተሞክሮ ምንም ስሜት የሚሰጥ እጅ ካልተገኘ ብቻ «ተሳስታለች» ማለት። ሰው ይሳሳታልና ይህም ይኖራል። ነገር ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ መልስ እንጂ መጀመሪያ ላይ የሚወረወር አይደለም።

እኔ የዚያን ቅዳሜ አምስተኛውን አስቀድሜ ነው የጀመርኩት፤ ያውም እየጮህኩ። አራተኛውን ደግሞ ጨርሶ ረሳሁት።

ከአጋሬ ጋር ዛሬም አብረን እንጫወታለን። የተስማማንባቸውን ጥሪዎች የምንጽፍበት አንድ ደብተር አለን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በሷ እጅ «4 ክለብ» ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጉሙን ከጎኑ የጻፍኩት እኔ ነኝ።