ለቤት ውስጥ የድምፅ ቀረጻ ከርነል መምረጥ፦ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴን ዜማ መነሻ በማድረግ

አኅጽሮት

ይህ ጽሑፍ በሊኑክስ ኮምፒውተር ድምፅ ለሚቀርጹ ተመራማሪዎች የትኛው የከርነል ዓይነት እንደሚስማማ ይመረምራል። የምርጫው መነሻ የከርነሉ ፍጥነት ሳይሆን የቀረጻው ዓይነት መሆን እንዳለበትም ያሳያል።

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በዜማ ትምህርት ታሪክ ስማቸው የሚነሣ አካባቢዎች ናቸው። በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥእት ማስመስከሪያ ሆነው ሊቃውንትን ሲያፈሩ ኖረዋል። ቤተልሔም ከቆማና ከአጫብር ጋር የዜማ ስልት መጠሪያም ነው። በድጓው ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች መንገዱን ቢጠቁሙም ሙሉው አካሄድ የሚተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ ነው። ስለዚህ የአንድ አረጋዊ መምህር ቀረጻ ለተመራማሪው ዋና መረጃ ነው፤ ሲበላሽም ሁልጊዜ ሊደገም አይችልም።

በነፋስ መውጫም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ፣ ማይክሮፎንና የድምፅ ካርድ ይዞ የሚሠራ ተመራማሪ ሁለት ችግሮች ያጋጥሙታል። አንደኛው መዘግየት ነው፤ ድምፁ ከማይክሮፎን ተነሥቶ በኮምፒውተሩ አልፎ ወደ ጆሮ ማዳመጫ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ማለት ነው። ሁለተኛው መቆራረጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ በሰዓቱ ባለመድረሱ ከድምፁ ላይ ቁራጭ ይጠፋል። አንዱን ለመቀነስ የሚወሰደው እርምጃ ብዙውን ጊዜ ሌላውን ያባብሳል።

መዘግየት ከየት ይመጣል?

ኮምፒውተር ድምፅን ናሙና በናሙና ሳይሆን በጥቅል ነው የሚያስተናግደው፤ ጥቅሉ የሚጠራቀምበት ስፍራ ቋት ይባላል። በሰከንድ 48,000 ናሙና ሲቀረጽ 128 ናሙና የሚይዝ ቋት 2.67 ሚሊ ሰከንድ፣ 1,024 የሚይዝ ደግሞ 21.3 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በተለመደው አደረጃጀት አንድ ቋት ለመግቢያ፣ ሁለት ለመውጫ ቢያዝ የደርሶ መልስ መዘግየቱ በመጀመሪያው 8፣ በሁለተኛው 64 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የድምፅ ካርዱ ራሱ የሚጨምረው ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የመጀመሪያው ከ2.7 ሜትር ርቀት፣ ሁለተኛው ከ22 ሜትር ገደማ ርቀት እንደ መስማት ነው። የራሱን ከበሮ ከ22 ሜትር ርቀት የሚሰማ መቺ ምቱን ጠብቆ መሄድ ይቸገራል።

ከዚህ እንደሚታየው መዘግየቱን የሚወስነው ቋቱ እንጂ ከርነሉ አይደለም። የከርነሉ ድርሻ ቋቱ ሲያንስ ሥራው በሰዓቱ እንዲደርስ ማስቻል ነው። ቋቱን ሳያሳንሱ ከርነል ብቻ መቀየር መዘግየትን አይቀንስም።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ከስርጭቱ ጋር የሚመጣው መደበኛ ከርነል ነው። የድምፅ ፕሮግራሙ ቅድሚያ የማግኘትና ማኅደረ ትውስታን የመያዝ ፈቃድ ከተሰጠው፣ በዘመናዊ ማሽን ላይ ይህ ከርነል ለብዙ ሥራ ይበቃል።

ሁለተኛው ዝቅተኛ መዘግየት ያለው ከርነል ነው። በዚህ ከርነል፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ከርነሉ በራሱ ሥራ ላይ ቢሆንም በአብዛኛው ሊቋረጥ ይችላል። ቀደም ሲል ይህ ለብቻው የተዘጋጀ ከርነል መጫን ይጠይቅ ነበር። ከ5.12 ስሪት (እ.ኤ.አ. 2021) ወዲህ ግን፣ ይህን እንዲደግፍ ተደርጎ የተዘጋጀ መደበኛ ከርነል ማሽኑ ሲነሣ በሚሰጠው ትእዛዝ ወደዚህ ባሕርይ መለወጥ ይችላል። ከመሣሪያዎች የሚመጡ ጥሪዎች ቅድሚያቸው በሚስተካከል ክሮች እንዲስተናገዱ የሚያደርግ ሌላ ትእዛዝም አለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አዲስ ከርነል ማውረድ አያስፈልግም፤ ይህም በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ትንሽ ጥቅም አይደለም።

ሦስተኛው የቅጽበታዊ ጊዜ ከርነል ነው። ለ20 ዓመታት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጭ እንደ ተጨማሪ ጥገና ሲዘጋጅ ቆይቶ በ6.12 ስሪት (ኅዳር 2017 ዓ.ም.) በዋናው ከርነል ውስጥ አማራጭ ሆኖ ተካቷል። በዚህ ከርነል አብዛኞቹ የውስጥ መቆለፊያዎች ሳይቀሩ ለአስቸኳይ ሥራ ቦታ ይለቃሉ። በዴቢያን ከተለመደው ማከማቻ፣ በኡቡንቱ ደግሞ በኡቡንቱ ፕሮ በኩል ይገኛል። ዋጋ ግን አለው፦ የማሽኑ አጠቃላይ የሥራ መጠን ሊቀንስ ይችላል፤ አንዳንድ ድራይቨሮች፣ ለምሳሌ የኤንቪዲያ፣ ሲጫኑ እንቅፋት ይፈጥራሉ። ተጠቃሚው ራሱ ያጠናቀረው ከርነል ከሆነ ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያውን መከታተል የእሱ ኃላፊነት ይሆናል።

ምርጫው በቀረጻው ዓይነት

የድጓ መምህር ብቻውን ሲዘም የሚቀረጽ ከሆነ መምህሩ ራሱን በኮምፒውተር በኩል መስማት አያስፈልገውም። በዚህ ጊዜ መዘግየት ትርጉም የለውም፤ አደጋው መቆራረጥ ብቻ ነው። ትክክለኛው ምርጫ መደበኛ ከርነልና 1,024 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ቋት ነው። ለእንዲህ ያለው ቀረጻ የቅጽበታዊ ጊዜ ከርነል ጭኖ ቋቱን ማሳነስ ምንም ሳያተርፉ መረጃን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

መሰንቆ ቀድሞ በተቀረጸ ድምፅ ላይ ሲደረብ ተጫዋቹ ራሱን መስማት ይፈልጋል። የድምፅ ካርዱ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ የሚያሳልፍ ከሆነ በዚህም ትልቅ ቋት ይበቃል፤ እንደ አርዶር ያለ ፕሮግራም በትክክል ከተለካለት መዘግየቱን አካክሶ አዲሱን ድምፅ በቦታው ያስቀምጠዋል።

ዝቅተኛ መዘግየት በእውነት የሚያስፈልገው ድምፁ በፕሮግራሙ ውስጥ ተቀይሮ በቅጽበት ሲመለስ ወይም በኪቦርድ የኮምፒውተር ክራርና ከበሮ ሲጫወቱ ነው። የ128 ቋትና ሁለተኛው አማራጭ ጥሩ መነሻ ናቸው፤ ሦስተኛው የሚሞከረው እነዚህ ሳይበቁ ሲቀሩ ነው።

የመፈተሻ ሥርዓት

ምርጫው በወሬ ሳይሆን በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። በእያንዳንዱ አማራጭ ላይ ተመሳሳይ የአንድ ሰዓት ሙከራ ይደረግ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀየር፤ የመቆራረጡ ብዛትም ይመዝገብ። ሳይክሊክቴስት የተባለው መለኪያ ሥራ ላይ ሲውል መታየት ያለበት አማካዩ ሳይሆን ከፍተኛው ቁጥር ነው። አማካዩ የሚሊ ሰከንድ ጥቂት መቶኛ ቢሆን እንኳ በሰዓት ውስጥ አንዴ የሚከሰት የ5 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት የ2.67 ሚሊ ሰከንዱን ቋት ያስቆርጠዋል።

ሙከራው መብራት እያለም በባትሪም መደረግ አለበት። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቆጠብ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የመስክ ቀረጻ ደግሞ ብዙ ጊዜ በባትሪ ነው። በዋይፋይ ወይም በማሽኑ ፈርምዌር ምክንያት የሚመጣ መቆራረጥንም ከርነል መለወጥ ላያስወግደው ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ዋይፋዩን ማጥፋትና ፕሮሰሰሩን በሙሉ ፍጥነት ማሠራት ይገባል። አዲስ ከርነል ሲጫንም የሠራው አሮጌ ከርነል ከማስነሻው ዝርዝር አይሰረዝ።

ማጠቃለያ

ሥራውን የሚያሟላው ዝቅተኛው እርከን የተሻለው ምርጫ ነው። ለሰነድ ቀረጻ መደበኛ ከርነልና ትልቅ ቋት፣ ለቅጽበታዊ ጨዋታ ዝቅተኛ መዘግየት ያለው፣ ይህ በመለኪያ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ የቅጽበታዊ ጊዜ ከርነል ይመረጣል። የዜማን ቁመት፣ ርዝመትና ርክርክ የሚለካ ተመራማሪ ከቀረጻው ጋር የከርነሉን ስሪት፣ የቋቱን መጠንና የመቆራረጡን ብዛት አብሮ ሊያስቀምጥ ይገባል። አለዚያ ከዓመታት በኋላ ቀረጻውን የሚያዳምጥ ሰው በድምፁ ላይ የሚያገኘው አጭር ስብራት የመምህሩ ይሁን የማሽኑ መለየት አይችልም።