ከጓሳ ገደል አፋፍ

(መንዝ፣ ጓሳ። በጥበቃ ሥራ የኖሩ አንድ ሽማግሌና ለመመረቂያ ጥናቷ የመጣች የባዮሎጂ ተማሪ፣ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወደ ሜዳው ሲወጡ እየጠበቁ።)

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ በትምህርቴ ከክፍሌ አንደኛ ነኝ። ስለ ጭላዳ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። እዚህ ስደርስ ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሽማግሌው፦ ማንበብሽ ደግ ነው። ያላነበበማ ምን እንደሚፈልግ በምን ያውቃል? አሁን ግን እነሱን መለየት ልመጂ።

ተማሪዋ፦ ሁሉም አንድ መሰሉኝ።

ሽማግሌው፦ የደረታቸውን ቅላት ምልክት አታድርጊ፤ ድምቀቱ ይለዋወጣል። የተቀደደ ጆሮ፣ የጅራት ጫፍ፣ የፊት ጠባሳ ያዢ። ደግሞ አትጠጊያቸው፤ ቢላመዱሽም ምግብ አታሳዪያቸው።

ተማሪዋ፦ ከለየኋቸውስ በኋላ?

ሽማግሌው፦ በየ15 ደቂቃው እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርግ ትጽፊያለሽ፤ በእርሳስ ይሁን፣ ጉሙ ሲወርድ የስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል። ያየሽውን ብቻ ጻፊ። ያ ትልቁ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ቢያሳይ፣ «ተቆጣ» እንዳትዪ። «ከንፈሩን ገለበጠ» በዪ። ቁጣ ይሁን ፍርሃት፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ቀጥሎ ምን እንደሆነ አመሳክረሽ በኋላ ትፈርጃለሽ።

ተማሪዋ፦ ቀኑን ሙሉ ሲግጡ ቢውሉስ? አዲስ ነገር ሳላገኝ ብመለስ መምህሬ ምን ይሉኛል?

ሽማግሌው፦ ይግጣሉ እንጂ፣ ኑሯቸው ሳር አይደለም እንዴ! ተቀምጠው እየተንፏቀቁ በጣታቸው ይነጩታል፤ በበጋ ሲደርቅ ሥሩን ይቆፍራሉ። የትኛውን ክፍል፣ በየትኛው ወር እንደበሉ ከጻፍሽ ሥራ ነው። ይልቅ አንድ ነገር ልንገርሽ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሲመላለስ እዚህ ያደገ ሁሉ ያያል፤ ማየትና ቆጥሮ መያዝ ግን ለየቅል ነው። ተመራማሪዎች እዚሁ ጓሳ ቀበሮዎቹን እየተከተሉ አይጥ ለመያዝ የሞከሩትን መዘገቡ። ጥናቱ በፈረንጆች 2015 ታተመ። ከጭላዳ ጋር ሆነው ከሞከሩት 67 በመቶው ተሳክቶላቸዋል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ 25 በመቶው ብቻ።

ተማሪዋ፦ ይህን ያህል ልዩነት!

ሽማግሌው፦ እንግዲህ አስቢው፤ ቀበሮው የሳተውን ባይጽፉት ኖሮ ይህ ቁጥር ከየት ይመጣ ነበር? «ምንም አልተገኘም» የሚለውን መስመር የሚዘል ተማሪ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ተማሪዋ፦ ቀበሮው ግልገሎቻቸውን አይነካም?

ሽማግሌው፦ አንዱ ነጥቆ ነበር። ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፣ እንዳይመለስም ከለከሉት። ሌላ ጊዜ በመሃላቸው ረጋ ብሎ ነው የሚሄደው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ አደኑ ከነሱ ጋር ለምን ይቀናዋል?

ሽማግሌው፦ ምናልባት መንጋው ሲግጥ አይጦቹን ከጉድጓድ ያስወጣቸው ይሆናል። ምናልባትም አይጦቹ ቀበሮውን ከጭላዳው አይለዩት ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማጣራት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።

ተማሪዋ፦ እኔ እቀመጣለሁ፣ ጋሼ።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንሽ። ይህን ሜዳ ያቆየው ሕዝቡ ነው፤ ሳሩን ለዓመታት ከልሎ፣ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ እያጨደ። ጽሑፍሽ ሲያልቅ አሳጥረሽ በአማርኛ አዘጋጂና አንድ ቅጂ እዚህ አምጪ። ያገኘሽውን ጠባቂዎቹም ባላገሩም ይስሙት።