በድንጋይ ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት፥ ከባሕር ጠረፍ እስከ ሁሉቃ ወንዝ

የባዮሎጂ መጻሕፍት ስለ ባሕር ሲያስተምሩ ብዙውን ጊዜ ከድንጋያማው ጠረፍ ይጀምራሉ፡፡ በአምቦ ለምንማር ልጆች ይህ ምዕራፍ ሩቅ ነው፡፡ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ የላትምና የምጽዋን ወይም የአሰብን ድንጋይ ለማየት ድንበር መሻገር ያስፈልጋል፡፡ ነገር ግን የምዕራፉ ቁም ነገር፥ ይኸውም ድንጋይን ቤቱ ያደረገ ፍጥረት ውሃው ሲለወጥበት ምን እንደሚሆን፥ በከተማችን መካከል በሚያልፈው በሁሉቃ ወንዝም ሊጠና ይችላል፡፡

አስቀድመን ባሕሩን እንመልከት፡፡ በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት የባሕር ውሃ በብዙ ቦታ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍ፥ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል፡፡ ስለዚህ ከላይ ያለው ድንጋይ ለብዙ ሰዓት ፀሐይ ሲመታው ይውላል፤ ከታች ያለው ግን ከውሃ የሚወጣው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ፍጥረታቱም በዚሁ ልክ ከላይ እስከ ታች ተራ ይዘው ይቀመጣሉ፡፡ የታችኞቹ ወደ ላይ እንዳይወጡ የሚከለክላቸው ድርቀትና ሙቀት ነው፤ የላይኞቹ ወደ ታች እንዳይወርዱ የሚያግዳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላቸው ወይም ቦታ የሚሻማቸው ሌላ ፍጥረት ነው፡፡ አሜሪካዊው ሊቅ ሮበርት ፔይን በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ጠረፍ ከአንድ ድንጋያማ ቦታ የባሕር ኮከብ የተባለውን እንስሳ እየለቀመ ቢያስወግድ፥ የባሕር ኮከቡ ይበላው የነበረው ቅርፊታም እንስሳ ተባዝቶ ድንጋዩን ሸፈነውና ከ15 የፍጥረት ዓይነቶች የቀሩት 8 ብቻ ሆኑ፡፡ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1966 አሳተመ፡፡ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በምዕራብ ካናዳና አሜሪካ ጠረፍ ያልተለመደ ሙቀት በመድረሱ እጅግ ብዙ ቅርፊታም እንስሳት በየድንጋያቸው ላይ እንደ ተጣበቁ በሙቀት አልቀዋል፡፡ ሸሽተው መሄድ አይችሉምና፡፡

ሁሉቃ የሚነሣው ከደንዲ ሐይቅ ነው፡፡ ደንዲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በእሳተ ገሞራ አፍ የተፈጠረ ሐይቅ ሲሆን፥ ሁለት ክቦች ተያይዘው 8 ቁጥርን ይመስላል፡፡ ወንዙ ከዚያ ወርዶ አምቦን ያቋርጥና ወደ ጉደር፥ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል፡፡ የዚህ ወንዝ ከፍታና ዝቅታ በቀን ሳይሆን በዓመት ነው፤ በክረምት ሞልቶ በበጋ ድንጋዩን ያወጣል፡፡

በእንደዚህ ያለ ፈጣን ወንዝ ድንጋይ ሥር የሚኖሩት በአብዛኛው የነፍሳት እጮች ናቸው፡፡ አንዳንዱ ሰውነቱ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ውሃው በላዩ ያልፋል፤ ይህ እጭ አድጎ ክንፍ ባወጣ ጊዜ ከጥቂት ሰዓት ወይም ከጥቂት ቀን በላይ አይኖርም፡፡ ሌላው ከአሸዋ ቅንጣትና ከቅጠል ስባሪ ለራሱ ቤት ይሠራል፡፡ የጥቁር ዝንብ እጭ ደግሞ በጅራቱ ባሉ ጥቃቅን መንጠቆዎች ድንጋዩን ይዞ ምግቡን ከሚያልፈው ውሃ ያጠልላል፤ የዚሁ ዝንብ ወገን የሆኑ አንዳንዶች በምዕራብ ኢትዮጵያ ዓይን የሚያሳውር በሽታ ያስተላልፋሉ፡፡ ስለዚህ የወንዝ ፍጥረት ሁሉ ለሰው ወዳጅ ነው ማለቴ አይደለም፡፡

ለእነዚህ እጮች ዋናው ነገር በውሃ ውስጥ የሟሟው ኦክሲጅን ነው፡፡ በባሕር ወለል ከፍታ፥ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ወደ 9 ሚሊግራም ኦክሲጅን ይይዛል፡፡ አምቦ ግን ወደ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ስለ ሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፤ በዚያው ሙቀት የሚያዘው ወደ 7 ሚሊግራም ብቻ ነው፡፡ (በአምቦ ውሃ ጠርሙስ የምናየው ፍላት ኦክሲጅን እንዳይመስላችሁ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፡፡) ውሃው እየሞቀ ሲሄድም የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል፡፡ እንግዲህ የደጋ ወንዝ ፍጥረት ከመጀመሪያውም ብዙ ትርፍ የለውም፡፡

ጥራጊና ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያ ያንን እያበሰበሰ ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፡፡ ፎስፌት ያለበት የልብስ ሳሙና ደግሞ አልጌ የተባለውን አረንጓዴ ሙልጭልጭ ያለ ነገር ያበዛል፡፡ በእኔ አስተያየት ግን ከሳሙናው ይልቅ የሚከፋው አፈር ነው፡፡ ዳገቱና የወንዙ ዳር ሲታረስ በክረምት የሚወርደው ጭቃ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል፤ ሳሙናው በጎርፍ ሊታጠብ ይችላል፥ የተደፈነ ክፍተት ግን ቤት መሆኑ ይቀራል፡፡ ድንጋዩና አሸዋው ለሕንፃ ሥራ ሲወሰድም ውጤቱ ያው ነው፡፡ በበጋ ለመስኖ ውሃ ሲሳብ የቀረው ጥቂት ውሃ ቶሎ ይሞቃል፥ ቆሻሻውም ይወፍራል፡፡ ከታች ያሉ ሰዎችና ከብቶች የሚጠጡትም ይህንኑ ነው፡፡

ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፡፡ ጥር ወይም የካቲት ላይ፥ ውሃው ሲጎድል፥ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች መጠናቸው ተመሳሳይ የሆነ አሥር አሥር ድንጋዮችን አንሥቶ ከሥራቸው ያለውን በነጭ ሳህን ላይ መቁጠር ይበቃል፡፡ ጠፍጣፋዎቹና ቤት ሠሪዎቹ እጮች በርከት ካሉ ኦክሲጅኑ ደህና ነው፡፡ እነርሱ ጠፍተው ቀያይ ትል መሳይ እጮች ብቻ ከተገኙ ግን ውሃው ታሟል፤ ቅላታቸው እንደ ደማችን ካለ ሄሞግሎቢን የመጣ ነውና በጥቂት ኦክሲጅን መኖር ይችላሉ፡፡ ከወንዙ ሲመለሱ እጅን በንጹሕ ውሃ መታጠብ ይገባል፡፡ ድንጋዩም ከተቆጠረ በኋላ በነበረበት ጎኑ ይመለስ፤ ተገልብጦ ፀሐይ ላይ ከቀረ ከሥሩ ያለው እጭ ወዲያው ይደርቃል፡፡