ብድር የማይመለስበት ግብዣ
(የሉቃስ ወንጌል 14፥12-14)

ጌታችን በአንድ ፈሪሳዊ አለቃ ቤት በማዕድ ተቀምጦ ሳለ፥ ለጋባዡ የሰጠው ምክር ለጆሮአችን እንግዳ ነው። ዘመድንና ባለጠጋ ጎረቤትን ከመጥራት ይልቅ ድኻውንና አካሉ የጎደለውን እንዲጠራ ነገረው። የተጠሩት ብድር ለመመለስ አለመቻላቸውም ለጠሪው የብፅዕናው ምክንያት እንደሚሆን ገለጠለት።

እኛ ግን «ብድር በምድር» እየተባልን ያደግን ሕዝብ ነን። ልጃችንን ስንድር ማን ምን እንዳመጣ እናስታውሳለን፤ ያላመጣውን ደግሞ ከዚያ አብልጠን እናስታውሳለን። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ሲሞት የዕድሩ ድንኳን እንዳይተከልለት የሚከራከርም አይጠፋም። ልማዱን አንነቅፍም፤ ዕድርና ደቦ ብዙ ቤት ከመፍረስ ጠብቀዋል። ዳሩ ግን ይህ ፍቅር የሚጸናው የሚመልስ እስካለ ድረስ ነው።

ማርቲን ሉተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1518 በሃይድልበርግ ከተማ ባቀረበው የክርክር ጽሑፍ ይህን ልዩነት አስተምሮአል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር፥ ሰው የሚወደው ደስ የሚያሰኘውን አይቶ ነው፤ እግዚአብሔር ግን የተናቀውን በመውደዱ ያከብረዋል የሚል ነው።

ለዚህ ምሳሌ የወይዘሮ አበበች ጎበናን ሕይወት እናስብ። እኚህ ሴት ከእኛ ማኅበር አልነበሩም፤ ጌታም ሳምራዊውን ለምሳሌ ያቀረበው በአምልኮው ከአይሁድ የተለየ መሆኑን እያወቀ ነው። በ1980 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ በረኀብ የወደቁ ሰዎችን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፍለው፥ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ከቤተ ሰባቸው ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ እንጀራና ዳቦ እየሸጡም አሳደጉአቸው። በ2021 እስከ ዐረፉ ድረስ ይህን ሥራ አልተዉም።

እኛ ሰባኪዎች እንዲህ ያለውን ታሪክ ስንናገር ወደ ደስታው ለመድረስ እንቸኩላለን። ነገር ግን ቤት ማጣት ቤት ማጣት ነው፤ የትዳር መፍረስም ኀዘን ነው። ደግሞስ ደስ እንዲለው ብቻ የሚሰጥ ሰው፥ የብድሩን መዝገብ ከጎረቤቱ ወደ ራሱ ልብ አዛወረው እንጂ መች ዘጋው? ደስታ እንደ እንቅልፍ ነው፤ ተኝተው ሲጠባበቁት ይርቃል፥ በሥራ ለደከመ ግን ሳይጠራ ይመጣል።

እንግዲህ መዝገቡ በምን ይዘጋል? ሉተር በ1520 ስለ ክርስቲያን ነፃነት በጻፈው መጽሐፍ መልሱን እናገኛለን። አማኝ ለመዳኑ የሚያስፈልገውን ሁሉ በክርስቶስ በነፃ ስለ ተቀበለ፥ በሥራው ለራሱ የሚያተርፈው የለም፤ ስለዚህ እጁ ለባልንጀራው ነፃ ወጥቶአል። ይህን ያላመነ ሰው ቢሰጥም እየቈጠረ ይሰጣል።

ጌታም ከዚህ ምክር ቀጥሎ (ከቁጥር 15 እስከ 24) ስለ ታላቁ እራት ተናገረ። ባለርስቶቹ አንመጣም ባሉ ጊዜ ከየጎዳናው የተሰበሰቡት ድኾች እኛው ነን፤ ለዚያ እራት የምንመልሰው ብድር የለንም። ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ በሚመጣው በዓል የምንጠራቸውን ሰዎች ስም ከቤተ ሰባችን ጋር ስንቈጥር፥ ሊመልስልን ከማይችለው ሰው ስም እንጀምር።