እሳት በሰማይ ስናይ



በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ፣ በጨለማ፣ ጅራታቸውን እየጎተቱ የሚያልፉ ብዙ እሳቶች ታዩ። ጊዜው የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ የሚናወጥበት ነበርና ወሬው መሰላ የደረሰው ከዚያው ጋር ተያይዞ ነው። «ከታችም ከላይም መጣብን» ያሉ እናቶች ነበሩ። «እናንተ ልጆች ተምራችኋል፤ ምን ትላላችሁ?» ብለውም ጠየቁን።

ሁለቱ አይገናኙም። መንቀጥቀጡ ከስምጥ ሸለቆው ሥር የመጣ ነው። የሰማዩ እሳት ግን ከውጭ የመጣ አካል አየራችንን ሲመታ የሚታይ ነው። አለት ከሆነ በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይገባል፤ በፊቱ የታመቀው አየር ይግላል፣ አለቱም ይቀልጣል። ተወርዋሪ ኮከብ የምንለው ኮከብ አይደለም፤ አብዛኛው የአሸዋ ቅንጣት ቢያህል ነው። ከአጥቢያ ኮከብ አብልጦ ሲያበራ የእሳት ኳስ ይባላል፤ ይህም በጥቂት ሴኮንድ ያልቃል። በዝግታ እየተበታተነ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ ግን ብዙውን ጊዜ የሳተላይት ወይም የሮኬት ስብርባሪ ነው። የደቡቡም ወደዚህ ያዘነብላል እንላለን።

እኛን ይበልጥ የሚመለከተን የጎረቤታችን የሱዳን ታሪክ ነው። በመስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ንጋት ላይ 4 ሜትር ያህል ስፋት ያለው አለት በሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ ፈነዳ። በአሜሪካ ያሉ ተመልካቾች ከ20 ሰዓት ገደማ በፊት አይተውት ነበር፤ ከመውደቁ በፊት የታወቀ የመጀመሪያው አለት እርሱ ነው። ከሁለት ወር በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራቸው ከሙዓዊያ ሻዳድና ከፒተር ጄኒስከንስ ጋር ወደዚያ ሄዱ። በባቡር ጣቢያው ያሉትን ሰዎች «በየት በኩል አያችሁት?» ብለው ጠየቁ፤ ከዚያም በረሃውን ተሰልፈው በእግራቸው አሰሱ፤ ጥቋቁር ስብርባሪዎቹንም አገኙ። የሠሩት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ናቸው!

እንግዲህ እሳት ያየ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ሴኮንዱን ይቁጠር፤ ከየት ወደ የት እንዳለፈ በተራራ ወይም በዛፍ ምልክት ይያዝ፤ ሰዓቱን ይጻፍ። ከመስኮት ግን ይራቅ። በየካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. በሩሲያ ቼልያቢንስክ 1,500 ያህል ሰዎች የተጎዱት በአብዛኛው በመስታወት ነው፤ ብርሃኑን ለማየት ወደ መስኮት እንደ ሮጡ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ንውጽውጽታው ደረሰ። ድምፅ 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈልጋልና።

ያያችሁት ካለ ጽፋችሁ እሑድ አምጡልን።