በእስስት ሳንባ ውስጥ ያለ ትል እንዴት ስም ያገኛል?

«የቋንቋ ተማሪ ስለ ትል ምን አገባው?» የሚል ወንድም ወይም እኅት አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው፤ ነገሩ የስም ጉዳይ ነው። ስም መስጠት ደግሞ ምስክርነት ነው።

ማዳጋስካር ከአፍሪካ በስተምሥራቅ በሕንድ ውቅያኖስ ያለች ታላቅ ደሴት ናት። ከዓለም የእስስት ዓይነቶች እኩሌታ የሚያህሉት በእርስዋ ይገኛሉ። በ1961 እ.ኤ.አ. ሻቦ፣ ብሪጉና ፔቴር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በዚያች ደሴት እስስት ሳንባ ውስጥ የተገኘ ትል ገልጸው «ራብዲያስ ጌሜሊፓራ» ብለው ሰየሙት። ጌሜሊፓራ ማለት በላቲን መንታ ወላጅ ማለት ነው።

የራብዲያስ ወገን ኑሮ የሚያስገርም ነው። በሳንባ ውስጥ ያለው ትል ወንድነትንም ሴትነትንም በአንድ አካል ይዞ ይኖራል። እንቁላሉ በጉሮሮ ወደ አፍ ይወጣል፤ እንስሳው መልሶ ይውጠዋል፤ በኋላም ከኩሱ ጋር ወደ መሬት ይወርዳል። በአፈር ውስጥ ወንድና ሴት ሆኖ የተለየ ሌላ ትውልድ ይነሣል። የሴቲቱ ልጆች በሆድዋ ተፈልፍለው የእናታቸውን ሥጋ እየበሉ ያድጋሉ፤ ከዚያም ወጥተው ሌላ ማደሪያ እንስሳ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው ከእንሽላሊት ሳንባ ትል ቢያወጣ «አዲስ ነው» ለማለት ምን ያስፈልገዋል? የአካሉን ርዝመት፣ የአፉን ከንፈሮች፣ የጉሮሮውን ልክ፣ የጅራቱን ቅርጽ፣ የእንቁላሉን መጠን በማይክሮስኮፕ ይለካል። ቀድሞ ከታወቁት ጋርም ያስተያያል። ማስተያየቱ ግን ቀላል አይደለም። ከማዳጋስካሩ ትል በኋላ ብዙ ዓመት አልፎ፣ በካሜሩን ተራሮች ከሚኖሩ እስስቶች ሳንባ ሁለት አዲስ የራብዲያስ ዓይነቶች የተገለጹት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው።

መለካት ብቻውንም ያሳስታል። ራይሊየቲየላ የሚባል ሌላ የሳንባ ጥገኛ አለ፤ መልኩ ትል ይምሰል እንጂ በዘሩ ከሸርጣን ወገን ነው። ዓይነቱን የሚለዩት በአፉ አጠገብ ባሉት መንጠቆዎች ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአውስትራሊያ ከቤት እንሽላሊትና ከጉርጥ የወጡትን መርምሮ፣ መንጠቆው ከአካሉ ዕድገት ጋር እንደሚለዋወጥ አሳየ። መልካቸው ቢለያይም በዲ ኤን ኤ ሲፈተኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ተገኙ። በመንጠቆው ብቻ የፈረደ ሰው አንዱን ሁለት ባደረገው ነበር።

ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ2000 እ.ኤ.አ. መግቢያ ጀምሮ አዲስ የእንስሳ ስም የሚያወጣ ሰው ስሙ የተመሠረተበትን ናሙና ለይቶ መጥቀስ፣ በየትኛው ቤተ መዘክር እንደሚቀመጥም መግለጽ አለበት። የሚጠራጠር ሁሉ ሄዶ ትሉን በዓይኑ ያያል። ቃል ያለ ምስክር እንደማይጸና ሁሉ ስምም ያለ ናሙና አይጸናም።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ትል ይበዛል የሚል ቢኖር ይህን ያስብ። ብዙዎቹ የደሴት እስስቶች በጠባብ ጫካ የተወሰኑ ናቸው፤ ጫካው በተመነጠረ ጊዜ እስስቱ ይጠፋል፤ በእርሱ ብቻ የሚያድር ትል ቢኖርም አብሮት ይጠፋል። ለምርመራ የሞተውም እስስት ቢሆን ዕዳ ጥሎብን ሄዷል። ሥራውን በችኮላ ብንሠራው በከንቱ ገደልነው ማለት ነው።