ይሉኝታ፣ ግምገማና ግብረ መልስ፦ በሥራ ቦታ ወሰን ስለ ማበጀት

መግቢያ

በመሥሪያ ቤቶቻችን የሥራ ጉድለት ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይገጥመዋል፦ የይሉኝታ ዝምታ ወይም በጉባኤ ፊት የሚካሄድ ግምገማ። ይህ ጽሑፍ ግብረ መልስ መስጠትና ወሰን ማበጀት ተነጣጥለው የማይታዩ መሆናቸውን ለማሳየት ይሞክራል።

ሁለቱ ልማዶች

ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ከሚል ሥጋት ይመነጫል። መከባበርን ቢያጸናም፣ ስሕተት ለባለቤቱ ሳይነገር በቡና ሰዓት ለሌላው እንዲነገር ያደርጋል። ግምገማ በበኩሉ ከግራ ዘመም ድርጅቶች የሒስና ግለ ሒስ ልማድ የመጣ ነው፤ በሕወሓት የትጥቅ ትግል ዘመን ጎልብቶ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገባ። ጉድለትን በግልጽ መናገርን ቢያስለምድም፣ ከሥራው ይልቅ ሰውየው ሲመዘንበት ተገምጋሚው መማሩን ትቶ ራሱን ይከላከላል።

ማሳያ

በለቡ መብራት ኃይል የምትኖር፣ መሐል ከተማ በሚገኝ የግል ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ሠራተኛን በምሳሌነት እንውሰድ። መውጫ ሰዓት ሲቃረብ አለቃዋ ዘወትር «ይህችን ብቻ ጨርሺልኝ» ይላታል። እምቢታ ነውር ስለሚመስላት ትቆያለች፤ የታክሲ ሰልፉን አልፋ ቤቷ ስትደርስ ልጇ ተኝቷል። በድካም ያዘጋጀችው ሪፖርት ሲሳሳት፣ አለቃዋ በስብሰባ ላይ «ግዴለሽ ሆነሻል» ይላታል። እሷ ድካሟን፣ እሱም ስሕተቱን ለይተው አልተነጋገሩም።

ሕጉና አነጋገሩ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊበልጥ አይችልም፤ የሚፈቀደውም እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ላሉ ምክንያቶች እንጂ ለዘወትር ልማድ አይደለም። ሆኖም ሕግ ብቻውን አይናገርም። ሠራተኛዋ «ሪፖርቱን ነገ እስከ 4 ሰዓት አደርስልዎታለሁ፤ ዛሬ ግን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ መቆየት አልችልም» ብትል አክብሮቷን ሳታጎድል ወሰኗን ታሳውቃለች። አለቃዋም ለብቻዋ ጠርቶ «የወጪው ድምር ከደረሰኞቹ ጋር አልገጠመም፤ አብረን እንየው» ቢላት የሚታረመው ሥራው ይሆናል።

ማጠቃለያ

የመጀመሪያውን ቃል የመናገር ሸክም በበታች ሠራተኛ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም፤ በመናገሩ እንጀራውን የማያጣው አለቃው ነውና። «መቆየት ትችያለሽ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅና «አልችልም» የሚለውን መልስ ሳይቀየም የሚቀበል ኃላፊ፣ በሪፖርቱ ላይ የሚሰጠው እርማትም በቅንነት ይሰማለታል።